በጣና ዳርቻ መሬት ስለሚገኙ ጥቃቅን ማዕድናትና በአዝመራና በሰው ጤና ላይ ስላላቸው ሥራ

የመሬት ሀብት የሚለካው በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በውስጡ በያዘው ነገር መሆኑን ሽማግሌ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ለምነት ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስለ ዐፈሩ ጥቍረት፥ ስለ ጥልቀቱና ስለ ውሃው ነው። ከነዚህ ሌላ በዓይን የማይታይ ሀብት አለ፤ ይኸውም ዚንክ፥ ብረት፥ መዳብ፥ ማንጋኒዝ፥ ኒኬልና ሞሊብዲነም የሚባሉት ጥቃቅን ማዕድናት ናቸው። በአንድ ኩንታል እህል ውስጥ ያለው ዚንክ ቢመዘን ሁለት ወይም ሦስት ግራም ያህል ነው። ይህን ያህል ጥቂት የሆነ ነገር በጐደለ ጊዜ ግን አዝመራው ይቀጭጫል፤ ያንን አዝመራ የሚበላውም ሰው ይጐዳል። ስለ ዚህ ከባሕር ዳር ጀምሮ በፎገራ፥ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ዙሪያ ሕዝብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና በመሬታቸው የሚያርሱ ባለ ይዞታዎች ነገሩን ከሥሩ እንዲያውቁት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማዕድናቱ ሥራ ምን እንደ ሆነ

ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ፥ በሰውም በከብትም በተክልም፥ ኢንዛይም የሚባሉ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን ሠራተኞች አሉ። ሥራቸው በራሱ ጊዜ ቢተው ብዙ ዘመን የሚፈጀውን ለውጥ በቅጽበት መፈጸም ነው። ይህ ነገር ለማንኛውም ቤት እንግዳ አይደለም። ጠላ ጠማቂ ገብሱን ዘፍዝፋ ብቅል ባበቀለች ጊዜ፥ በቡቃያው ውስጥ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይበዛል፤ እርሱም የገብሱን ስታርች እየቈራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ቀጥሎ እርሾው ስኳሩን ተቀብሎ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ የዚህንም ለውጥ የመጨረሻ ደረጃ የሚፈጽመው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው።

ከኢንዛይሞች ብዙዎቹ ፕሮቲን ብቻቸውን ሆነው ሥራቸውን ሊሠሩ አይችሉም፤ ማዕድን ያስፈልጋቸዋል። ማዕድኑም በውስጣቸው የሚገኘው እንደ ብረት ቍራጭ ተጠፍጥፎ ሳይሆን፥ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነጠላ ቅንጣት ሆኖ ነው፤ ሊቃውንትም ይህን ቅንጣት አዮን ይሉታል። ሥራውም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ጎጆ ምሰሶ ሆኖ የኢንዛይሙን ቅርጽ ደግፎ መያዝ ነው፤ በብቅሉ አሚሌዝ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይህን ይሠራል፤ ካልሲየሙ ቢወጣ ኢንዛይሙ ጥንካሬውን ያጣል፥ በሙቀትም ቶሎ ይፈርሳል። ሁለተኛው እንደ ማረሻ ሆኖ ሥራውን ራሱን መሥራት ነው፤ ሞፈሩና ቀንበሩ ምንም ያህል ያማሩ ቢሆኑ ማረሻ ከሌላቸው መሬት እንደማይቈርጡ ሁሉ፥ ኢንዛይሙም ማዕድኑን ባጣ ጊዜ ቅርጹ ቢኖርም ሥራ አይሠራም። በእርሾው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ውስጥ ግን ዚንክ ሁለቱንም ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ ቅንጣት ምሰሶ፥ ሌላው ቅንጣት ማረሻ ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። በ1869 ፈረንሳዊው ዡል ሮላን ሻጋታ ያለ ዚንክ በደንብ እንደማያድግ አሳየ። በ1926 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሶመርና ሊፕማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ለአረንጓዴ ተክልም ዚንክ የግድ እንደሚያስፈልግ አረጋገጡ። በ1940 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ኬይሊንና ማን የሚባሉ ሊቃውንት በደም ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባለው ኢንዛይም ዚንክ እንዳለበት አገኙ። ይህ ኢንዛይም በሰው ደም ውስጥ የተቃጠለውን አየር ከውሃ ጋር እያዋሐደ ወደ ሳንባ እንዲደርስ የሚያደርግ ሲሆን፥ በዓይነቱ ፈጣን የሆነው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሥራውን ሊደጋግም ይችላል። በኢንዛይሙ መካከል ያለችው አንዲት የዚንክ ቅንጣት ከወጣች ግን ይህ ሁሉ ፍጥነት ይቀራል።

ስለ ቀይ ዐፈርና ስለ ጥራጥሬ

ከባሕር ዳር ወደ ሜጫ በኩል ያለው አገር አብዛኛው ቀይ ዐፈር ነው፤ ብዙው ስፍራም በዝናብ እየታጠበ ኮምጣጣ ሆኗል። በእንዲህ ያለው መሬት ሞሊብዲነም የሚባለው ማዕድን ከዐፈሩ ጋር ተጣብቆ ለተክል ሳይደርስ ይቀራል። ጉዳቱም በይበልጥ የሚታየው በጥራጥሬ ላይ ነው። የባቄላ፥ የአተርና የጓያ ሥር ጕብጕብ ያሉ እባጮች አሉት፤ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂኔዝ በሚባል ኢንዛይም አማካይነት የአየሩን ናይትሮጂን ወደ ማዳበሪያነት ይለውጣሉ። ይህ ኢንዛይም የተሠራው ከብረትና ከሞሊብዲነም ጋር ስለ ሆነ፥ ሞሊብዲነም የጐደለው ባቄላ እባጭ ቢኖረውም ቅጠሉ ይገረጣል፥ ምርቱም ያንሳል። እባጩ ሲቈረጥ ውስጡ ቀይ ሆኖ ከታየ ሥራ ላይ መሆኑን ያመለክታል፤ ቀይነቱም እንደ ደም ከብረት የመጣ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራ አይሠራም። ይህን ምርመራ ማንኛውም የልማት ሠራተኛ በማሳው ዳር በቢላዋ ሊፈጽመው ይችላል።

በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ኖራ ሲጨመር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ የታሰረውም ሞሊብዲነም ይፈታል። ስለ ዚህ የኖራ ጥቅም ለስንዴና ለገብስ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ኖራ ያለ መጠን ቢበዛ ዚንክንና ብረትን በተራው ያስራልና፥ መጠኑ በዐፈር ምርመራ መወሰን አለበት።

ስለ ዩሪያ ማዳበሪያም እንዲሁ መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ዩሪያ ለተክሉ የሚጠቅመው በዐፈር ውስጥ ያለው ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም ከፈታው በኋላ ነው። አሜሪካዊው ጀምስ ሰምነር ይህን ኢንዛይም በ1926 ከባቄላ ዓይነት ዘር አጥርቶ እንደ ጨው ፍሬ አድርጎ አወጣው፤ በ1946ም በዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት አገኘ። በውስጡ ኒኬል መኖሩ የታወቀው ግን በ1975 ነው። ዩሪያው በማሳው ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ቢቀር ኢንዛይሙ እዚያው ላዩ ላይ ይፈታዋል፤ ከዚያም ከፊሉ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ሆኖ በነፋስ ይሄዳል። ስለ ዚህ ገበሬው በገንዘቡ የገዛውን ማዳበሪያ ለአየር እንዳይገብር ወዲያው በዐፈር እንዲሸፍነው መምከር ይገባል።

ስለ ፎገራ ሩዝ

ከጣና በስተ ምሥራቅ የጉማራና የርብ ወንዞች ደለል እያመጡ ያነጠፉት የፎገራ ሜዳ ጥቍር ዋልካ መሬት ነው፤ በክረምትም ውሃ ይተኛበታል። ቀድሞ ለከብት ግጦሽና ውሃው ከሸሸ በኋላ ለሚዘሩ ጥቂት ሰብሎች ብቻ ያገለግል የነበረው ይህ ሜዳ፥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሩዝ ስለ ገባበት የብዙ ሺህ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። በወረታም አገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞበታል።

ውሃ የተኛበት መሬት አየር ያጣል። በዚያን ጊዜ በዐፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ሟሙቶ ይበዛል፤ ዚንክ ግን ከሌሎች ነገሮች ጋር እየተጣበቀ ለሥር የሚደርሰው ያንሳል። የሩዙም ሥር አየር በማጣቱ በሕይወት ለመቈየት የሚጠቀምበት ኢንዛይም ያው በጠላው እርሾ ውስጥ የተነገረለት አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ነው። እንግዲህ ሩዝ ዚንክን አጥብቆ የሚፈልገው ዚንክ በሚጐድልበት በዚያው ጊዜ መሆኑ ነው። በሕንድ አገር በሂማላያ ተራራ ግርጌ ባለው በፓንትናጋር ሩዙን ያጠፋ የነበረው ካይራ የሚባለው በሽታ ከተባይ ወይም ከሻጋታ የመጣ ሳይሆን የዚንክ እጦት መሆኑ የታወቀው በ1966 ነው።

ምልክቱም ይህ ነው፤ ሩዙ በበቀለ ወይም በተተከለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በታችኛው ቅጠል ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል፤ ቡቃያው አጥሮ ይቀራል፤ ማሳውም አንዱ ስፍራ ለምልሞ ሌላው ስፍራ ቀጭጮ እንደ ተቀዳደደ ልብስ ይሆናል። በበቆሎ ላይ ደግሞ ከቅጠሉ ሥር አጠገብ በመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ሰንበር ይወጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ዩሪያና ፎስፎር መጨመር ነው፤ ፎስፎር መብዛቱ ግን ተክሉ ዚንክን እንዳያገኝ ያደርገዋልና ጉዳቱን ያብሰዋል እንጂ አያሽለውም። የሚሻለው ዚንክ ያለበትን ማዳበሪያ ከመዝራት በፊት መስጠት ነው። አዝመራው በማሳ ላይ ሳለ ጉድለቱ ከታየ ግማሽ ኪሎ ዚንክ ሰልፌት ከሩብ ኪሎ የረጠበ ኖራ ጋር በ100 ሊትር ውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨት ይቻላል።

ስለ ጓያና ስለ እግር ሽባነት

ሩዙ ሊታጨድ ሲቃረብ ወይም ከታጨደ በኋላ የፎገራ ገበሬ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። በደምቢያም ጓያ የቈየ ሰብል ነው። ጓያ በሰው ዘንድ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማዳበሪያና ብዙ እርሻ አይፈልግም፥ ዋልካን ይችላል፥ ድርቅ ሌላውን እህል ሁሉ ባጠፋ ጊዜ እርሱ ይተርፋል፥ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን በውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ ሊቃውንት ለይተው ያወቁት በ1964 ነው። ጓያ የምግቡ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ያለ ማቋረጥ የበላው ሰው የነርቭ ሕዋሳቱ እየተጐዱ እግሩ ይተሳሰራል። በሽታው ሰውን አይገድልም፤ ዳግመኛም አይድንም። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሥራ የሚሠሩትን ጐልማሶች ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው ሲያዝ አንድ ቤት ይፈታል፤ በሬዎቹ ቆመው ይቀራሉ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በአካባቢው ይህ በሽታ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሥቶ ነበር። ከዚያም በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት እየመረመሩ የበሽታውን ስፋት ገልጸዋል። በ1990ዎቹም በወሎ በደላንታ ድርቅ ሲደርስ እንደ ገና ብዙ ሰው አካሉን አጥቷል።

ጓያ በሚበላበት አገር ሁሉ በሽታው እኩል የማይታይበት ምክንያት ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ወደ ዐፈሩ እንዲመለከቱ አደረጋቸው። በ1994 በቤልጅግ አገር በጌንት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፈርናንድ ላምበይንና ባልደረቦቻቸው ጓያን በተመጠነ ውሃ አብቅለው በመረመሩ ጊዜ፥ ዚንክ ሲጐድልና ብረት ሲበዛ በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ እንደሚጨምር አገኙ። ኦዳፕ የብረታ ብረት ቅንጣቶችን መያዝ የሚችል ነገር ስለ ሆነ፥ ተክሉ ዚንክን ከሥሩ ወደ ላይ የሚያጓጕዝበት ዕቃ ሊሆን ይችላል ሲሉም ሐሳባቸውን ገለጹ። በሕንድ በኩል በጐርፍ የታጠበውን መሬት፥ በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ለተክል የሚደርስ ዚንክ ያነሰውንና ብረት የበዛበትን ዐፈር ለበሽታው መበርታት ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከቱ።

የዚህን ፍሬ ነገር በጣና ዳርቻ የሚያስተዳድር ሹም ሊያስተውለው ይገባል። ሩዝ የተዘራበት መሬት ውሃ ተኝቶበት የቈየ ነው፤ በዚህም ብረቱ የሟሟ፥ ዚንኩ የታሰረ ነው፤ ጓያም የሚዘራው በዚያው ማሳ ነው። ስለ ዚህ በዚህ መሬት ላይ የዚንክን መጠን ማስመርመር ለሩዙ ምርት ብቻ ሳይሆን ከርሱ ተከትሎ ለሚዘራው ጓያና ለሚበላው ሕዝብ ደኅንነት ጭምር ነው። ዚንክ መጨመር ብቻውን ግን ጓያን እንደ ልብ ለመብላት ፈቃድ አይሰጥም። ዋናው መከላከያ ጓያን ብቻውን ለብዙ ጊዜ አለመብላት፥ ከጤፍ፥ ከስንዴ ወይም ከሌላ የብርዕ እህል ጋር መቀላቀል ነው፤ በብርዕ እህል ያለው ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ሰውነትን ያግዛልና። እሸቱን፥ ቈሎውንና ንፍሮውን ማብዛት ይበልጥ ያሰጋል፤ ክኩን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን በከፊል ያወጣል። በ2006 በኢትዮጵያ የተለቀቀው ዋሴ የሚባለው የጓያ ዘርም መርዙ ዝቅ ያለ ነው።

ስለ ሰው ጤና በጠቅላላው

ዚንክ የጐደለው እህል የሚያደርሰው ጉዳት በጓያ ብቻ አይወሰንም። በ1961 አናንዳ ፕራሳድ የሚባሉ ሐኪም በኢራን አገር በሺራዝ አካባቢ ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ብቻ እየበሉ ያደጉ ወጣቶች ቁመታቸው አጥሮ፥ ጕርምስናቸውም ዘግይቶ አገኟቸው፤ በኋላም ምክንያቱ የዚንክ እጦት መሆኑ ታወቀ። በእህል ገለፈት ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ዚንክንና ብረትን አስሮ ይይዛል፤ ሊጥ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለ ዚህ ባለ ሞያ ሴቶች እንጀራን በእርሾ አብኩተው መጋገራቸው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለጤናም የሚበጅ ጥበብ ነው።

በኢትዮጵያ ሕዝብ ደም ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ምርመራ ከተመረመሩት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ዚንክ የጐደላቸው ሆነው ተገኝተዋል። በ2021 ደግሞ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በአማራ፥ በኦሮሚያና በትግራይ ከገበሬ ማሳ የወሰዱትን እህልና ዐፈር መርምረው፥ በእህሉ ውስጥ ያለው የማዕድን መጠን ከስፍራ ወደ ስፍራ እጅግ እንደሚለያይ ኔቸር በሚባለው መጽሔት አስታውቀዋል። ይህም ማለት ሁለት ቤተ ሰብ አንድ ዓይነት ጤፍ በአንድ ልክ ቢበሉ፥ በዐፈራቸው ልዩነት ምክንያት አንደኛው የጠገበ ሁለተኛው በስውር የተራበ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚፈለገው

በ2012 የተጀመረው የአገሪቱ የዐፈር ቅኝት በብዙ ወረዳዎች ከናይትሮጂንና ከፎስፎር ሌላ ድኝ፥ ቦሮንና ዚንክ እንደሚጐድሉ አሳይቷል፤ ከዚያም ወዲህ እነዚህ የተጨመሩባቸው ድብልቅ ማዳበሪያዎች ለገበሬው እንዲቀርቡ ተደርጓል። ቅኝቱ ግን የወረዳን ጠቅላላ መልክ ያሳያል እንጂ የአንዱን ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ አይለይም። ስለ ዚህ በየወረዳው የሚከተለው ቢፈጸም መልካም ነው።

አንደኛ፤ ከሩዝ ማሳ፥ ከጓያ ማሳና ከቀዩ ኮምጣጣ መሬት ዐፈር ተለይቶ እየተወሰደ ወደ ባሕር ዳር የዐፈር ምርመራ ቤት እንዲላክ። ዐፈሩ ሲወሰድ ከአንድ ማሳ ብዙ ስፍራ ተቈፍሮ አንድ ላይ ይቀላቀል፤ በዝገት ወይም በቆርቆሮ ዕቃ አይወሰድ፤ ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጠው በዚንክ ስለ ሆነ ምርመራውን ያሳስታልና። ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ማዳበሪያ ሲታዘዝ በልማድና በአንድ ዓይነት ሳይሆን በምርመራው ውጤት እንዲሆን፤ ኖራ ለሚያስፈልገው ኖራ፥ ዚንክ ለሚያስፈልገው ዚንክ እንዲደርሰው።

ሦስተኛ፤ ጥቂት ፈቃደኛ ገበሬዎች ከማሳቸው አንዱን ወገን ዚንክ ሰጥተው ሌላውን ሳይሰጡ በመዝራት ልዩነቱን ሕዝብ በዓይኑ እንዲያየው። ገበሬ ከብዙ ቃል ይልቅ አንድ ጥማድ መሬት ያስተምረዋል።

አራተኛ፤ ዝናብ በታጣበት ዓመት በገበያ የጓያ ዋጋና ብዛት እንዲጠበቅ። ድሀው ከጓያ በቀር ሌላ መግዛት ሲያቅተው በሽታው ሁለት ወይም ሦስት ወር ይርቀዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ስንዴ ወይም በቆሎ ደርሶ ከጓያው ጋር ቢቀላቀል ብዙ እግር ይድናል። እርዳታው ሽባው ከታየ በኋላ ቢመጣ ግን የሄደውን አይመልስም።

ይህ ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትጋትና ጊዜን አለማሳለፍ ነው። የዐፈሩ ምርመራ ከክረምት በፊት፥ የማዳበሪያው ትእዛዝ ከእርሻ በፊት፥ የእህሉ እርዳታ ከበሽታው በፊት መሆን አለበት። ሕዝብ በአደራ የተሰጠው ሹም በወረዳው ስንት ጥማድ መሬት እንደ ታረሰ ብቻ ሳይሆን፥ ከታረሰው መሬት የወጣው እህል የሚበላውን ሰው ያቆመው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።